አባዬና ሲንጀሮቹ፦ አንድ ቅዳሜ ዝዋይ ሐይቅ ዳር

አባዬ የደቡብን መስመር 22 ዓመት በተሳቢ ተመላልሶበታል። ሻሸመኔ፣ ዲላ፣ ሞያሌ። ዝዋይን ስንት ጊዜ እንዳለፋት ቢጠየቅ ቁጥሩን አያውቀውም። እዚያ አሳ በልቷል፣ ጎማ ቀይሯል፣ ሲመሽበት ጋቢና ውስጥ አድሯል። ሐይቁ ዳር ግን ወርዶ አያውቅም። "ጭነት ይዞ ሐይቅ የሚያይ ሹፌር አለ እንዴ?" ነው መልሱ። ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ቅዳሜ ግን ወረደ። እኔም አብሬው ነበርኩ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ስለ ሌላ ነገር ማውራት ስላልቻልን ልጻፈው ብዬ ነው የተቀመጥኩት።

ከተማዋ ዛሬ ባቱ ነው የምትባለው። ሐይቁም ደምበል ይባላል። አባዬ አፉ የለመደው ዝዋይ ማለትን ነው፣ እኔም ከሱ ነው የሰማሁት፣ ስለዚህ ዝዋይ እያልኩ ልቀጥል።

ነገሩ የተጀመረው ቸርችል ጎዳና ላይ ሻይ ስንጠጣ ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ወፍ ለማየት ከሚወጡ ሰዎች ጋር ይሄዳል። አስጎብኚ አላቸው፣ ሚኒባስ ይከራያሉ፣ ማታ ይመለሳሉ። ሁለት ቦታ ባዶ አለ አለኝ። አባዬ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ከአራት ኪሎ ርቆ ስለማይሄድ ሁለቱንም ያዝኳቸው።

ስነግረው "ወፍ ለማየት ዝዋይ ድረስ? እዚሁ ሞልቶ የለም እንዴ?" አለኝ። እውነቱን ነው። የምንኖረው አራት ኪሎ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ጠዋት ጠዋት ጋጋኖዎቹ እየጮሁ በላያችን ያልፋሉ፣ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሱኝም እነሱ ናቸው። ጥቁር፣ ረጅም ቆልማማ አፍ ያላት፣ ጉሮሮዋ ስር ቆዳ የተንጠለጠለባት ወፍ ናት። የኢትዮጵያና የኤርትራ ደጋ ላይ ካልሆነ የትም የለችም። ሥጋ ቤቶች አናት ላይ የሚያንዣብበው ጭልፊትም አለ። ወፍራም አፍ ያለው፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለበት ቁራም አለ፣ እሱም ከአፍሪካ ቀንድ ውጭ አይገኝም። ከዓለም ዳርቻ ሰዎች ገንዘብ ከፍለው ሊያዩዋቸው የሚመጡትን ወፎች እኛ ታክሲ ስንጠብቅ ቀና ብለን አናያቸውም። እኔም ይህን ያወቅኩት ከዚህ ጉዞ በኋላ ነው።

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ጊዮርጊስ ጋ ተገናኘን። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ዘጠኝ ሰው ነን። አስጎብኚው ድምፁ ዝግ ያለ፣ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፣ እዚያው ሐይቁ አካባቢ ያደገ ልጅ። አንዱን ሰው ስንጠብቅ ግማሽ ሰዓት አለፈን፣ አስጎብኚው ሰዓቱን ደጋግሞ ሲያይ ነበር። ለምን እንደቸኮለ በኋላ ገባኝ። ወፍ ተርቦ ስለሚያድር ሲበላ የሚታየው ጠዋት ነው፣ ፀሐይ ከጠነከረች ጥላ ይይዛል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሐይቁ ላይ ንፋስ ይነሳል።

መስቀል አደባባይ፣ ቃሊቲ፣ ቱሉ ዲምቱ። ከዚያ ፈጣኑ መንገድ። አባዬ ጋቢና ተቀምጦ ለሹፌሩ የድሮውን መንገድ ይተርክለታል። ሞጆ ላይ ወደ ደቡብ ታጠፍን፣ ቆቃን ስናልፍ ጎህ ቀደደ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ዝዋይ 1,636 ሜትር ላይ ነው። መቂን ስናልፍ ጃኬታችንን አውልቀን ነበር።

ሐይቁ ዳር መኪናው ሲቆም ሁላችንም ስልካችንን አወጣን። አስጎብኚው በትህትና "መጀመሪያ ግማሽ ሰዓት ስልክ የለም" አለን። "ዝም ብለን እንቆማለን። እስኪለምዱን።"

ግማሽ ሰዓት መቆም ይከብዳል ብዬ ነበር። አልከበደም። የጭቃ፣ የአሳና የእርጥብ ቄጠማ ሽታ አለ። አሳ አጥማጆቹ ጀልባ ይጎትታሉ። ከፊላው ውስጥ አንድ ነገር ይጮሃል፣ ሌላው ከማዶ ይመልሳል። አስጎብኚው በሹክሹክታ ስለ ሐይቁ ነገረን። ወደ 440 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ይሰፋል፣ ጥልቅ በሚባለው ቦታ ግን 9 ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ጥልቀት የሌለው ውኃ ፀሐይ ይዘልቀዋል፣ ቄጠማና ፊላ ያበቅላል፣ ዳር ዳሩ ጭቃ ይሆናል፣ ጭቃው ደግሞ በትልና በትንኝ እጭ የተሞላ ነው። ማዕዱ እሱ ነው።

አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች አሳ የሚበለትበት ቦታ ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ቁመታቸው እስከ ሜትር ተኩል ይደርሳል። ራሳቸው መላጣ፣ አንገታቸው ላይ ቀላ ያለ ከረጢት የተንጠለጠለ። ሰውየው አንጀቱን ሲወረውር ክንፋቸውን ዘርግተው ይጋፋሉ። አባዬ ያየው ግን እግራቸውን ነው። "ነጭ ካልሲ ያደረጉ ይመስላል" አለ።

"ጋሼ፣ እግራቸው ጥቁር ነው" አለው አስጎብኚው። "ሲሞቃቸው ኩሳቸውን እግራቸው ላይ ይለቁታል። ፈሳሹ ሲተን ደማቸውን ያቀዘቅዘዋል። ነጭ ሆኖ የሚታየው የደረቀው ነው።"

አባዬ ትንሽ አሰበና "ራዲያተር ነዋ!" አለ። አስጎብኚው ከዚህ በኋላ ለሌላ ቡድን ሲያስረዳ ራዲያተር እንደሚል ነገረው፣ አባዬ ቀኑን ሙሉ በዚህ ደስ ሲለው ዋለ።

ትንሽ ቆይቶ አንዲት ነጭ ወፍ፣ ጀርባዋ ጠቆር ያለ፣ ጀልባዎቹን ተከትላ ስትዞር ክንዴን ያዘኝ።

"ይህቺን አውቃታለሁ።"

"የት?"

"አሰብ።"

የደቡብ መስመር ከመግባቱ በፊት እስከ 1983 ድረስ የአሰብ ሹፌር ነበር። ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ በዚያ ሙቀት። ወደቡ ላይ ጭነት ሲጠብቁ ቀናት ያልፉ እንደነበር፣ እነዚህ ወፎች የመኪናው ሸራ ላይ ያርፉ እንደነበር፣ ረዳቱ ዳቦ ቆርሶ ሲወረውርላቸው አየር ላይ ይቀልቡ እንደነበር ነገረኝ። ይህን ከአባቴ አፍ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ስለ አሰብ ሙቀቱን ብቻ ነበር የሚያወራው።

አስጎብኚው ቀረብ ብሎ አዳመጠ። አሰብ አካባቢ የቀይ ባሕር የራሱ የሆኑ የባሕር ወፎች አሉ፣ ፈረንጆቹ ጋል ይሏቸዋል፣ ይህቺኛዋ ግን ከሩቅ ሰሜን የምትመጣ ናት አለ። የዚያን አገር ብርድ ሽሽት ቀይ ባሕር ዳርም፣ እኛ ሐይቆች ላይም ትገኛለች። ስለዚህ አሰብ ላይ ያያት ዘመዷን ሊሆን ይችላል። ስምጥ ሸለቆና ቀይ ባሕር ለወፎች አንድ ትልቅ ጎዳና እንደሆነም ያን ጊዜ ነገረን። ንስር፣ ጭላት፣ ሽመላ፣ ፔሊካን፣ ክንፋቸውን ሳያራግቡ በሙቅ አየር ላይ የሚንሳፈፉት ትልልቆቹ ብቻ 37 ዓይነት ናቸው፣ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ሆነው በየዓመቱ ይመላለሱበታል።

"የኔው መስመር ነዋ" አለ አባዬ። "አሰብ፣ ዝዋይ፣ ሞያሌ።"

ባሕር የለንም፣ ያደግነው ይህን እየሰማን ነው። የባሕር ወፎቹ ግን እኛ ጋ ይመጣሉ። ይህን ማወቄ ለምን እንደዚያ ሆድ ሆዴን እንዳለኝ አላውቅም፣ ምናልባት አባዬ "አሰብ" ሲል ድምፁ ስለተለወጠ ነው።

ውኃው ላይ በተነጠፈ ሰፋፊ ቅጠል ላይ የምትራመድ ወፍም አየን። ጃካና ትባላለች። ጣቶቿ ከሌላ ወፍ የተበደረቻቸው ይመስላሉ፣ በጣም ረጃጅም ናቸው፣ ክብደቷን ቅጠሉ ላይ ስለሚበትኑት አትሰጥምም። ግንባሯ ላይ ሰማያዊ አለ። አስጎብኚው የነገረን ነገር ግን ከመልኳም በላይ ነው። እንቁላሉን የሚታቀፈው ወንዱ ነው። ጫጩቶቹን የሚያሳድገውም እሱ ነው፣ አደጋ ሲመጣ ክንፉ ስር ሰብስቦ ይሸከማቸዋል፣ እግሮቻቸው ብቻ ከሥር ተንጠልጥለው ይታያሉ። ሴቷ እንቁላሉን ጥላ ወደ ሌላ ወንድ ትሄዳለች።

"ወንዱ ብቻውን?" አለ አባዬ።

"ብቻውን ጋሼ።"

ለረጅም ጊዜ ባይኖኩላሩን አላወረደም። ከዚያ ለኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ "እናንተን እናታችሁ ናት ያሳደገቻችሁ" አለኝ። "እኔ መንገድ ላይ ነበርኩ።" የምመልሰው ቃል አጣሁ። ለኛ ብለህ ነው የነዳኸው አልኩት። ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ጃካናው ከአንዱ ቅጠል ወደ ሌላው ሲሻገር አብረን አየነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ከአባ ኮዳዎቹ ወዲያ ባለው ጭቃ ላይ አንድ መንጋ ነበር። በባዶ ዓይን ሲታይ ጭቃው ራሱ የሚንቀሳቀስ ይመስላል። ግራጫማ ቡናማ፣ ከድንቢጥ ብዙ የማይበልጡ። ከቡድናችን ማንም ፎቶ አላነሳቸውም፣ ሁሉም ሰው ፔሊካኖቹ ላይ ነበር፣ ፔሊካን ክንፉ ሲዘረጋ 3 ሜትር ሊጠጋ ስለሚችል አይፈረድም። አስጎብኚው ቴሌስኮፑን በሦስት እግሩ አቁሞ አስተካከለና "ጋሼ፣ ይምጡ፣ ይሄን ይዩ" አለ።

አባዬ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ጎንበስ አለ። ቀና አላለም። ወገቡን ያመዋል፣ ግን ቀና አላለም። ኋላ ላይ እንደጎነበሰ "ልጄ፣ ይሄ እኮ የሲንጀር መርፌ ነው" አለ።

ተራዬ ሲደርስ አየሁት። ፒያሳ በር ላይ ከሲንጀር ስፌት መኪናቸው ጋር የሚቀመጡ ልብስ ሰፊዎችን ያየ ሰው ወዲያው ይገባዋል። አፏ ጥቁርና ቀጭን ነው። ተክ ተክ ተክ ተክ፣ አንድ መስመር ይዛ ጭቃውን ትወጋለች፣ ሁለት እርምጃ ትሄዳለች፣ እንደገና ተክ ተክ ተክ። እግሯ ያለፈበት ቦታ ትንሽ ትንሽ ጉድጓድ ይቀራል፣ ወዲያው ውኃ ይሞላውና ፀሐይ ሲያርፍበት ያበራል፣ ከኋላዋ ያለው ጭቃ የጥልፍ ጫፍ መሰለኝ። ንፋስ ሲመጣ ጀርባዋ ላይ ያሉት ላባዎች አንድ በአንድ ተነሱ፣ የእያንዳንዱ ጠርዝ ነጣ ያለ ነው። አፏ ጫፍ ላይ የጭቃ ጠብታ ነበረች። አራገፈቻትና ቀጠለች።

ስሟ ሊትል ስቲንት ነው። ክብደቷ 25 ግራም ገደማ ነው። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ስኳር በሉት። የምትፈለፈለው ዛፍ በማይበቅልበት በሰሜን ሩሲያ፣ በአርክቲክ ሜዳ ላይ ነው። ከዚያ ተነስታ ነው እዚህ ጭቃ ላይ የቆመችው። ይሄ ራሱ ለማመን ይከብዳል፣ አስጎብኚው ደግሞ ጨመረበት። ትልልቆቹ ቀድመው ይነሳሉ። በዚያ ዓመት የተፈለፈሉት ልጆች የሚከተሉት በኋላ ነው፣ ራሳቸውን ችለው፣ መንገዱን ከዚያ በፊት አንድም ቀን ሳይሄዱበት።

"ያለ ረዳት?" አለ አባዬ።

"ያለ ረዳት።"

"የመጀመሪያ ጉዞ?"

"የመጀመሪያ ጉዞ ጋሼ።"

አባዬ ለሁለተኛ ጊዜ ቴሌስኮፑ ላይ ጎነበሰ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ስማቸው ሲንጀር ሆኗል። ቡድኑ በሙሉ "ሲንጀሮቹ የት ሄዱ?" ማለት ጀመረ።

እዚህ ላይ አንድ ያናደደኝን ነገር ልናገር። ሌላ መኪና መጣ። አንድ ሰውዬ ወፎቹ ሲበሩ ቪዲዮ ለማንሳት ወደ ጭቃው ሮጦ አጨበጨበ። መንጋው በሙሉ ተነሳ። ውኃው ላይ ዞረ፣ ሲታጠፍ በአንድ ጊዜ ነጭ ሆነ፣ አዎ ያምራል። አስጎብኚያችን ግን ፊቱ ጠቆረ። እነዚህ ወፎች ሚያዝያ ላይ ተነስተው ወደ ሰሜን ለመመለስ ስብ ማጠራቀም አለባቸው፣ በከንቱ በተነሱ ቁጥር ያጠራቀሙትን ያቃጥላሉ አለን። አባዬ ሄዶ ሰውየውን "ወንድሜ፣ የሰው ምሳ ላይ አይጨበጨብም" አለው። በቁጣ ሳይሆን በልመና ነው ያለው። ሰውየው ይቅርታ ጠየቀ፣ መልካም ሰው ነው፣ አላወቀም ነበር። እኔም ከአንድ ሳምንት በፊት ብሆን አጨበጭብ ነበር ይሆናል፣ ማንም ነግሮን አያውቅማ።

ምሳ ቆሮሶ አሳ ጥብስ በአዋዜ በላን። ከዚያ ጀልባ፣ ጉማሬዎች ከሩቅ፣ ነጭ ራሱን ቀና አድርጎ ዛፍ ላይ የሚጮህ ዓሣ አዳኝ ንስር። ደሴቶቹ ጋ አልደረስንም። ቱሉ ጉዶና ደብረ ጽዮን ገዳም፣ የዛይ ሰዎችና ቋንቋቸው፣ እነሱ ራሳቸውን የቻሉ ቀን ይፈልጋሉ።

ከጀልባው ስንመለስ አንድ ጥግ ላይ እምቦጭ አየን። አረንጓዴ ምንጣፍ፣ ላዩ ላይ ወይን ጠጅ አበባ። በፎቶ ላይ ቆንጆ ነው የሚሆነው። ግን እምቦጩ የሸፈነው ዳር ላይ አንድም ሲንጀር አልነበረም፣ የሚቆሙበት ጭቃ የላቸውማ። ከዚያ የውኃ መሳቢያ ሞተሮቹ ድምፅ አለ። ቲማቲምና ሽንኩርት፣ አበባም። እውነቱን ለመናገር እኔ አራት ኪሎ ጉልት ላይ የምገዛው ቲማቲም ብዙውን ጊዜ ከመቂና ከዝዋይ የመጣ ነው፣ ስለዚህ ገበሬው ላይ ጣቴን አልቀስርም፣ ውኃውን እኔም እየበላሁት ነው። ግን ወደ ታች ምን እንደሆነ ማወቅ አለብን። ከዝዋይ የሚወጣው ቡልቡላ ወንዝ አቢጃታ ሐይቅን ነው የሚመግበው። ከላይ ለመስኖ ውኃ ሲሳብ፣ ከራሱ ከአቢጃታም ለሶዳ አሽ (ለመስታወትና ለሳሙና መሥሪያ ለሚሆን ጨው) ምርት ሲወሰድ፣ ሐይቁ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ዓይን እያየው ሸሸ። የቀረው ውኃ ጨውነቱ በረታ፣ አሳው ጠፋ። ሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ የሚፈለፈሉት ፔሊካኖች ድሮ ጎረቤት አቢጃታ ነበር የሚበሉት። አሁን እንደ ዝዋይ ያሉ ሐይቆች ድረስ እየበሩ ነው ለጫጩቶቻቸው አሳ የሚወስዱት። ጠዋት ያደነቅናቸው ፔሊካኖች ከነዚያ መሆናቸውን አስጎብኚው ሲነግረን መኪናው ውስጥ ዝም አልን። ዝዋይም እንዲያ ከሆነ ቀጥሎ የት ይሄዳሉ? አባዬ ነው የጠየቀው። መልስ የሰጠው የለም።

መሄድ ለምትፈልጉ ትንሽ ነገር ልበል። ከጥቅምት እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ሂዱ፣ ከሩቅ የሚመጡት ያኔ ነው በብዛት ያሉት። ደማቅ ልብስ አትልበሱ። ኮፍያና ውኃ አትርሱ፣ ጠዋት በብርድ ስለምትነሱ ፀሐዩን ትረሱታላችሁ። ባይኖኩላር ከሌላችሁ ከቡድኑ ጋር ተካፈሉ፣ እኛ ሁለት ብቻ ነበረን፣ በቂ ነው። ከሁሉም በላይ አካባቢውን የሚያውቅ የአካባቢው ልጅ ይዛችሁ ሂዱ፣ ክፍያውንም አትከራከሩ። ብቻዬን ብሄድ ኖሮ አባ ኮዳ ፎቶ አንስቼ፣ አሳ በልቼ እመለስ ነበር። ሲንጀሮቹን አላያቸውም ነበር፣ አጠገባቸው ቆሜም።

ማታ 1 ሰዓት ተኩል ጊዮርጊስ ጋ ወረድን። አስጎብኚው የመዘገበው 43 ዓይነት ወፍ ነው። አባዬ ቤት እንደገባን ቁም ሳጥኑን ከፍቶ የድሮ የጉዞ ደብተሩን አወጣ፣ ጭነት፣ ኪሎ ሜትርና ናፍጣ ይጽፍበት የነበረውን። ያልተጻፈበት ገጽ ፈልጎ ቀኑን ጻፈ። ከሥሩ "ዝዋይ። ሲንጀር፣ ከ200 በላይ።" አለ። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ ተኛ።

ሰኞ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ስነሳ ጋቢ ለብሶ በረንዳው ላይ ቆሟል። ደብተሩ ላይ "ጋጋኖ 7" ይላል።

ትናንት ማታ እራት ላይ "ሚያዝያ ነው አይደል የሚሄዱት?" ብሎ ጠየቀኝ። ስለ ማን እንደሚያወራ አልጠየቅኩትም። አስጎብኚው ጋ ደወልኩ። ብዙዎቹ እስከዚያ ይቆያሉ አለኝ። መጋቢት ላይ ሁለት ቦታ ያዝኩ። ጋቢናው የአባዬ ነው።